የቤቴ መቃጠል ለትኋኑ በጀኝ፤ ቤት የሌለውስ ምኑን ያቃጥል?

«የቤቴ መቃጠል ለትኋኑ በጀኝ» የሚለውን ተረት ያልሰማ ያገራችን ሰው ያለ አይመስለኝም። ልጅ ሳለሁ ስሰማው ያስቀኝ ነበር። ዛሬ ግን የሚነግረኝ ሌላ ነገር ነው። በተረቱ ውስጥ ያለው ሰው ንብረቱን ቢያጣም ቤቱ የራሱ ነበር፤ እየነደደም ቢሆን «የእኔ» የሚለው ጣራና ግድግዳ ነበረው። ተከራይስ? ተከራይ ሊያቃጥል የሚችለው ፍራሹን ብቻ ነው። እኔም ያቃጠልሁት እሱኑ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ስለ ምርጫ፣ ስለ ፓርቲ ወይም ስለ ሕገ መንግሥት አልጽፍም። የምጽፈው ስለ ትኋን፣ ስለ በረሮና ስለ አይጥ ነው። «ምነው፣ ዶክተሩ ርእስ አጣ?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን የፖለቲካ ዋና ጥያቄ «የጋራ ችግርን ዕዳ ማን ይሸከም?» የሚለው ከሆነ፣ በአዲስ አበባ የኪራይ ቤቶች ውስጥ ይህ ጥያቄ በየሌሊቱ ይነሣል፤ በየሌሊቱም ደካማው ይፈረድበታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር አንድ የኮንዶሚኒየም ቤት ተከራየሁ። ቅድሚያ ከፈልን፣ ግድግዳውን በራሳችን ወጪ ቀለም ቀባን፣ መጋረጃ ሰቀልን። በሦስተኛው ሳምንት ትንሿ ልጄ ክንዷ ላይ በመስመር የተደረደሩ ቀያይ እብጠቶች ይዛ ተነሣች። መጀመሪያ ምግብ ነው አልን፤ ቀጥሎ ትንኝ ነው አልን። በአራተኛው ሌሊት ባለቤቴ በስልክ መብራት የአልጋውን መገጣጠሚያ ስታይ እውነቱ ተገለጠ። በማግስቱ ለአከራያችን ደወልሁላቸው። ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ የተከበሩ ሰው ናቸው። በትዕግሥት አደመጡኝና «ዶክተር፣ ይህ ቤት እርስዎ ሳይገቡበት ትኋን የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። ከዕቃዎ ጋር መጥቶ እንደሆነ እስቲ ይመርምሩ» አሉኝ።

ክርክሩ በዚሁ አበቃ። ያበቃው እርሳቸው ማስረጃ ስላቀረቡ ሳይሆን እኔ ስላፈርሁ ነው። ለዓመታት ተማሪ ፊት ቆሜ «ማስረጃህ የት አለ?» እያልሁ የኖርሁ ሰው፣ «ትኋን ይዘህ መጣህ» ስባል ያንኑ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። መድኃኒት በገንዘቤ ገዛሁ፤ ሦስት ጊዜ አስረጨሁ፤ ፍራሹን አቃጠልሁ፤ በመጨረሻም ቤቱን ለቀቅሁ።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ግን ይህ አይደለም። ዕቃ በምንጭንበት ቀን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ሕፃን ታቅፈው ቤቱን ሊያዩ መጡ። ሚስትየዋ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ «ጋሼ፣ ቤቱ እንዴት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ጎረቤቶቹ ጥሩ ናቸው፤ ውኃም እምብዛም አይጠፋም» አልኋት። ውሸት አልነበረም። ዋናውን ግን ዋጥሁት። አከራዬ ያደረጉብኝን እኔም በእርሷ ላይ አደረግሁት። እንግዲህ ይህን የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ እንዳልሆነ አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

አከራዬንም እኔንም ዝም ያሰኘን ነውር ነው። ትኋን የቆሻሻ ልጅ ነው ብለን እናምናለን። እምነቱ ሐሰት ነው። ትኋን የሚበላው ፍርፋሪ ሳይሆን ደም ነው፤ ገላውን በየቀኑ የሚታጠበውም የማይታጠበውም ለእርሱ አንድ ናቸው። በሻንጣ፣ በአሮጌ አልጋና በሶፋ ይጓዛል። በግድግዳ ስንጥቅና በኤሌክትሪክ መስመር ቀዳዳ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይሻገራል። ደም ሳያገኝ ለወራት መቆየት ስለሚችል ባዶ የከረመ ቤት ሁሉ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። እንቁላሉ ከ6 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ አብዛኛው የሚረጭ መድኃኒት ደግሞ እንቁላሉን አይገድልም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ረጭቶ ማቆም ገንዘብን መበተን ነው፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ መደገም ይኖርበታል። በዚህ ላይ በብዙ የዓለም ክፍሎች ትኋን በቤት ውስጥ የሚረጩትን የተለመዱ መድኃኒቶች ተቋቁሞ መኖር ችሏል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። «ማን አመጣው?» ለሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ መልስ አይገኝለትም። ያለፈው ተከራይ ሊሆን ይችላል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ እኔም ልሆን እችላለሁ። መልስ በሌለው ጥያቄ ላይ ኃላፊነትን መመሥረት ማለት ኃላፊነቱን አቅም በሌለው ላይ መጣል ማለት ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ማን ሊያስወግደው ይችላል?» የሚለው ነው። ስንጥቁን መድፈን፣ የፍሳሽ ቱቦውን ማስጠገን፣ ከጎረቤት ባለቤቶች ጋር ተነጋግሮ ሁሉንም ቤት በአንድ ቀን ማስረጨት የሚችለው ማን ነው? የቤቱን ታሪክ የሚያውቀውስ? ተከራይ ሲሄድ ከቤቱ ጋር የሚቀረውስ? መልሱ ባለቤቱ ነው።

ይህን ስል ተከራይን ከኃላፊነት ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ምግቡን ሳይከድን የሚያድር፣ ቆሻሻ የሚያከማች፣ በረሮ ሲያይ ለወራት ዝም የሚል ተከራይ የድርሻውን ይጠየቅ። ተባይ ሲያይ በጊዜው ማስታወቅ፣ ለርጭት ሲባል ዕቃውን ማንሣትና ልብሱን በሙቅ ውኃ ማጠብ የእርሱ ግዴታ ነው። ተባይ የሞላበት አሮጌ አልጋ ገዝቶ እንዳስገባ በማስረጃ ከተረጋገጠበት ወጪውንም ይክፈል። ነገር ግን ማስረጃውን የማቅረብ ሸክም በከሳሹ ጫንቃ ላይ ይሁን። ተባዩ በገባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ከታየ ከቤቱ ጋር እንደ ነበረ ይቆጠር። አይጥ በጣራና በመሠረት ቀዳዳ ከገባ፣ በረሮ በጋራ ቱቦ ከወጣ፣ ምስጥ በሩንና መስኮቱን ከበላ ደግሞ ይህ የሕንፃ ጉዳይ እንጂ የተከራይ ጠባይ አይደለም።

«ሕግ የለም» የሚሉኝ አሉ። አለ እንጂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አከራይ ቤቱን ለታለመለት አገልግሎት በሚስማማ ሁኔታ ማስረከብና ጠብቆ ማቆየት እንዳለበት፣ ጥቃቅን ጥገና ግን የተከራይ እንደሆነ መሠረቱን አስቀምጧል። ሰው ሊተኛበት የማይችል መኝታ ቤት ለታለመለት አገልግሎት ይስማማል የሚል ዳኛ ካለ አንድ ሌሊት ይደርበት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ የውሉም ዘመን በመርሕ ከ2 ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። መልካም ነው። ሆኖም የአዋጁ ዐይን በዋናነት ያረፈው በዋጋ፣ በጊዜና በምዝገባ ላይ ነው። ዋጋው የተቆረጠለት ቤት በውስጡ ምን እንዳለበትስ? ሁለት ዓመት የጸና ውል ከሁለት ዓመት ትኋን ጋር ከሆነ ጥበቃው ለማን ነው?

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ መልሰውታል። በኒው ዮርክ ከተማ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አከራይ ቤቱ ባለፈው አንድ ዓመት ትኋን ገብቶበት እንደሆነ ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ፈረንሳይ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ለኪራይ የሚቀርብ ቤት ከተባይ ነጻ መሆን እንዳለበት ደንግጋለች። እነዚህ ሕጎች ትኋንን ከምድረ ገጽ አላጠፉም፤ ፓሪስ በ2023 እ.ኤ.አ. በትኋን ስትታመስ ዓለም አይቷል። ነገር ግን ነገሩን ከሹክሹክታ አውጥተው ወደ ውል አስገብተውታል። ትልቁ ሥራም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። «አከራይ ሁሉ ባለጠጋ ነው ወይ? በጡረታ ገንዘብና በሁለት ሰርቪስ ክፍል ኪራይ የምትኖረዋን እናት ምን ልትላት ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በእኛ ከተማ አከራይና ተከራይ ብዙ ጊዜ አንድ ግቢ፣ አንድ ግድግዳ የሚጋሩ ድሆች ናቸው። መልሴ ይህ ነው፦ ግድግዳው አንድ ከሆነ ትኋኑም አንድ ነው። ዛሬ የተከራይዋን ክፍል ያላስረጨች እናት ነገ የራሷን አልጋ ታስረጫለች። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶች ይህንኑ ነው። በእጇ ገንዘብ ከሌላት ተከራይዋ ከፍላ ወጪው ከሚቀጥሉት ወራት ኪራይ ይቀነስላት። ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን እንጂ ይህ ማንንም አያደኸይም።

የሚያደኸየውና የሚገድለው ሌላ ነው። ኃላፊነቱ ለብቻው የተጫነበት ተከራይ ከገበያ የሚገዛው ለእርሻ የተዘጋጀ፣ መጠኑን የማያውቀውን መርዝ ነው። ለነቀዝ ተብሎ የሚሸጠውን የፎስፋይድ ክኒን በመኝታ ቤት የሚያስቀምጥ ሰው የሚያጋጥመውን አደጋ ላስጠንቅቅ፤ የሚያወጣው ጋዝ ሕፃናትን በተኙበት ይጨርሳል፤ በስንጥቅ ሾልኮም ጎረቤት ይደርሳል። ስለ ፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ካለን ዓመታት ተቆጥረዋል። ሕጉ ግን ነውር ደብቆ ማታ ማታ መርዝ የሚረጨውን ሰው በር አያንኳኳም።

አንድ አከራይ ረሳሁ፤ መንግሥትን። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ ወዲህ በዚህች ከተማ ስንት ትውልድ የመንግሥት ተከራይ ሆኖ ኖረ! ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ርካሽ ነበር፤ ጥገናውም እንደ ኪራዩ ሆነ። የጭቃው ግድግዳ ሲሰነጠቅ፣ ኮርኒሱን አይጥ ሲፈነጭበት፣ ነዋሪው በጋዜጣና በላስቲክ እየለጠፈ አሥርተ ዓመታት አሳለፈ። ለግል አከራይ ሕግ የሚያወጣ አካል ከሁሉ በፊት በራሱ ቤቶች ቢጀምር ቃሉ ይሰማል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ውሉ እንደሆነ በጽሑፍ ሆኖ እየተመዘገበ ነው። በዚያው ወረቀት ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፦ «አከራይ ቤቱን ከተባይ ነጻ አድርጎ ያስረክባል፤ ባለፈው አንድ ዓመት ተባይ ገብቶ እንደሆነ ያሳውቃል። ተከራይ ተባይ ሲያይ በ7 ቀን ውስጥ ያስታውቃል፤ አከራይ በ15 ቀን ውስጥ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ያስረጫል። ተከራይ ማምጣቱ ካልተረጋገጠ በቀር ወጪው የአከራይ ነው።» በኮንዶሚኒየም ደግሞ የባለቤቶች ማኅበር የጋራ ቱቦውንና መተላለፊያውን ይረከብ። ሕግ አውጪው እስኪሰማ ድረስ ማንም ተዋዋይ ይህን በገዛ እጁ ሊጽፈው ይችላል፤ የሚከለክለው የለም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አከራዮች ሆይ፣ የምታውቁትን ንገሩ። ተከራዮችም፣ ከቤት ስትወጡ የሚገባው ሰው «ቤቱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃችኋል። እኔ ሕፃን ለታቀፈች እናት ስለ ውኃ ነገርኋት። እናንተ ስለ ትኋኑ ንገሩ።

ቸር ይግጠመን።