ወጨጫን የሚወጣ እንግዳ ለገበሬው ምን ያስቀራል?

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ሰው ጎልቶ የሚታየው የወጨጫ ተራራ ነው። ጥንት በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ይህ ተራራ ከፍታው ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ኮልፌና በዙሪያው ያለው ገጠር ለብዙ ዘመን የተገናኙት በእንጨት ነው፤ የአጠና ተራ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን አጠና የማይገዛ፣ ማገዶ የማይጭን፣ ተራራውን በእግሩ ወጥቶ ለመመለስ ብቻ የሚመጣ የከተማ ሰው ታይቷል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎች ይህን እንግዳ እንደ ሥራ ፈት መቁጠራቸውን ቢተዉ ይሻላል።

ወደ ተራራው ግርጌ መድረሱ አይከብድም። ከኮልፌ በአየር ጤና በኩል የጅማን መንገድ ይዞ፣ ዓለም ገናን አልፎ ሰበታ የደረሰ ሰው ወደ ቀኝ ታጥፎ በጥርጊያ መንገድ ሱባ ደን ይገባል። በአስኮና በቡራዩ የአምቦን መንገድ የመረጠም በመናገሻ በኩል ይደርሳል። በክረምት ጭቃው መኪና ስለሚይዝ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ይመረጣል።

ችግሩ የሚጀምረው ከመኪና ከተወረደ በኋላ ነው። ከጥዱ፣ ከዝግባውና ከኮሶው መካከል የሚወጣው የእግር መንገድ በየቦታው ይከፈላል፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ አቅጣጫው ይጠፋል። መንገድ የጠፋበት እንግዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ይለምናል፤ ልጁ ከብቱን ትቶ ይመራዋል፤ ሳንቲም ተቀብሎ ሲመለስ ከብቱ የሰው አዝመራ ውስጥ ገብቶ ያገኘዋል። እንግዳው ተደስቶ ሲሄድ ለመንደሩ የተረፈው የጎረቤት ክስና የላስቲክ ቆሻሻ ነው።

በሰሜን ተራሮች አሠራሩ ሌላ ነው። ራስ ዳሸንን ለመውጣት የሚፈልግ ሰው ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይመዘገባል፤ መሪ፣ ጠመንጃ ያዥ ጠባቂ፣ በቅሎና በቅሎ ነጂ ይይዛል። ሥራው ለአካባቢው ሰው በተራ ይደርሳል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ፣ ከ1996 እስከ 2017 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ውስጥ መቆየቱም አይዘነጋም። ልቅ ግጦሽና እርሻ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ።

ለገበሬ ማኅበራት ከዚህ ይልቅ የሚቀርበው የመንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ገበሬዎች ቄሮ በተባለ የአባቶች ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ዘግተው፣ በስምምነት ከፍተው ያጭዱ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ፤ ኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያርፈው በኅብረተሰቡ ማረፊያ ነው።

በወጨጫ ግርጌ ያሉ ማኅበራት ይህን ያህል ገንዘብ አያስፈልጋቸውም። መንገዱን የሚያውቁ ጎልማሶችን በተራ መመደብ፣ የመሪነት ዋጋን በጉባኤ ወስኖ በደረሰኝ መቀበል፣ በመንታ መንገዶች ላይ ድንጋይ ቀብቶ ምልክት ማድረግ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። በየአጥሩ ገመድ ዘርግቶ መክፈያ ማቆም ግን እንግዳን ማባረር ነው፤ አንዳንድ ወጣቶች የሚቃጣቸው ይህ ነው። ደኑን የሚያስተዳድረውን ድርጅት ሳያማክሩ መጀመርም ጠብ ያመጣል።

ደኑ በ15ኛው መቶ ዓመት በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ የጥድ ዘር እንደ ተተከለ ይነገራል። አንድ ጥድ ተቆርጦ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ በጥዱ ሥር የሚያልፈው እንግዳ ግን በየሳምንቱ ሊከፍል ይችላል። ሂሳቡን የሚመጣው የማኅበር ጉባኤ ቢያየው፣ የኅዳሩ ወራት ከመግባቱ በፊት መሪዎቹን ለመመደብ ጊዜ አለ።