ሃርሞኒካው ይፈታ

«እንዳትፈታው፣ ሌላ ግዛ።» የሃርሞኒካዬ አራተኛ ቀዳዳ አየር ስስብበት ድምፁ ወርዶ ማላዘን ሲጀምር ከሦስት ጓደኞቼ የሰማሁት ምክር ይሄው ነው። ሦስቱም እንደኔ ኢንጂነሪንግ የጨረሱ ናቸው። ኮድ ሲበላሽ ላፕቶፑን አንጥልም፤ ጥቂት ብሎን ያለውን ዕቃ ለመክፈት ግን እጃችን ይንቀጠቀጣል። አምስት ዓመት ምን ተማርን ታዲያ?

ውስጡ እኮ አሥር ቀዳዳና ሃያ የናስ ምላስ ነው፣ አለቀ። ምላሱ በአንድ ጫፉ ታስሮ በሌላው ይርገበገባል። ነፃውን ጫፍ ብትሞርደው ይቀልና ድምፁ ይወጣል፤ ሥሩን ብትሞርደው ይላላና ይወርዳል። ከሞረድ በፊት ግን ጽዳት ይቀድማል፤ ጫፉ ላይ የደረቀ ቆሻሻ ብቻውን ድምፅ ያወርዳል። የኔም ችግር ግማሹ እሱ ነበር (አዎ፣ ቆሎ እየበላሁ እነፋለሁ)። ለቀረው ምላጭ ከሥሩ ሸጉጬ ጫፉን ጫር ጫር አደረግኩት፣ በስልኬ መቃኛ እያየሁ።

«ታበላሸዋለህ» ለሚለኝ፦ አበላሽቻለሁም። ሌላ ምላስ ላይ ቸኩዬ በጥልቅ ቧጨርኩት፤ በሁለት ሳምንቱ ተሰበረ። እሱን ዕቃ አሁን መለማመጃ አድርጌዋለሁ።

ዋናው ክርክሬ ግን ጥገና አይደለም። የተለመደው ባለ አሥር ቀዳዳ ሃርሞኒካ የተቃኘው ዜማን በኮርድ ለማጀብ ነው። ታችኛው ኦክታቭ ላይ «ላ» የለውም። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ የሚሄደውን የትዝታ ሜጀር እዚያ ልጫወት ስል መሀሉ ላይ ጉድጓድ አለ። ድምፁን በአፍ አጣሞ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ለምን እንሰቃያለን? ሦስተኛው ቀዳዳ ሲነፋ የሚሰጠው «ሶል» ሁለተኛው ሲሳብ አለ፣ ድግም ነው። እሱን በአንድ ሙሉ ድምፅ ወደ «ላ» ማውጣት ነው። የኒውዚላንዱ ብሬንዳን ፓወር ለአይሪሽ ዜማዎች ያደረገው ይሄንኑ ነው፤ ፓዲ ሪክተር ይባላል። ሥራው ይረዝማል፤ የሚነፉት ምላሶች በውስጥ በኩል ስለሆኑ የናስ ጠፍጣፋውን ራሱን መፍታት ግድ ነው። ታች ያለው ኮርድም ይበላሻል። ይበላሽ! በኮርድ የማጅበው ዘፋኝ የለኝም።

የገዛነውን ዕቃ ፋብሪካው ባሰበልን ዜማ ብቻ የምንጫወተው እስከ መቼ ነው? ካቻቢቴ የሌለው ይምጣ፣ አውሰዋለሁ። ሞረዱን ግን መልሱልኝ።