ከመቆሙ በፊት

ውድ ባለትዳሮች፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1970 በአፖሎ 13 መንኮራኩር ላይ የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ጠፈርተኞቹ ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ መሣሪያዎቻቸውን አጠፉ። ወደ ምድር የሚመለሱበትን መንገድ ለማቃናት ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ማስነሣት ነበረባቸው። 14ቱን ሰከንድ የቆጠሩት በእጅ በሚሞላ ኦሜጋ ስፒድማስተር ሰዓት ነው።

እንዲህ ያለው ሰዓት ክሮኖግራፍ ይባላል። በጎኑ ያለውን ቁልፍ ሲጫኑት የሚነሣና የሚቆም ሰከንድ ቆጣሪ አለው። አሮጌዎቹን የሚሰበስቡ ሰዎች እንደሚያውቁት፣ ውስጡ ያለው ዘይት ከዓመታት በኋላ ይደርቃል። ሰዓቱ ግን ወዲያው አይቆምም፤ ብረት ብረትን እየበላ ይሄዳል። ድካሙ የሚገለጠው ቁልፉ ሲጫን ነው። ቆጣሪው ተጨማሪ ኃይል ስለሚወስድ ሰዓቱ ይዛባል፣ አንዳንዴም ቀጥ ይላል። ላዩን መወልወል አያድነውም፤ እንዲያውም በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋውን ይቀንሳል። ሰዓት ሠሪው ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በጥቂቱ አዲስ ዘይት ያደርግለታል።

ትዳራችንስ? አብረን እናገለግላለን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አስቤዛ ይገዛል። «እየሄደ ነው» እንላለን። ሕመም ወይም ሥራ ማጣት ቁልፉን ሲጫነው ግን ለዓመታት ያልተነጋገርንበት ሁሉ ይወጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ የኤፌሶንን ምእመናን ቁጣ እንዳያሳድሩ መክሯቸዋል። እንግዲህ ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ተቀመጡ። «በምን አስቀየምኩሽ?» «በምን አስቀየምኩህ?» ተባባሉ። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙ፤ ይቅር ተባባሉ፤ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁም ጸልዩ።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።