በልክ የተሰፋ ዘንዶ

ልብስ ለለባሹ በልክ ይሰፋል፤ ዓለም ግን ለማንም በልክ አትሰፋም። ይህ ግልጽ እውነት በጠረጴዛ ዙሪያ በሚካሄዱ የምናብ ጨዋታዎች ዘንድ ከተዘነጋ ሰንብቷል። በእነዚህ ጨዋታዎች ጥቂት ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው የአንድ ጀግና ሚና ይይዛሉ፤ አንድ መሪ ደግሞ አገሩን፣ ሕዝቡንና ጭራቁን ፈጥሮ ይተርካል፤ አጠራጣሪውን ድርጊት ዳይስ ይዳኘዋል። የዘርፉ ፈር ቀዳጅ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 በአሜሪካ ያወጡት «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አደጋ በጥልቀት ይለካ ነበር። ጀግኖቹ ወደ ምድር ውስጥ ዋሻ በወረዱ ቁጥር ጭራቁ ይከፋል፤ ሀብቱም ይበዛል። እስከ የት እንደሚወርድ የሚወስነው ተጫዋቹ ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛ እትም ግን ለየጭራቁ የብርታት ቁጥር ሰጠ። ቁጥሩ 5 የሆነ ጭራቅ 5ኛ ደረጃ ለደረሱ አራት ጀግኖች ተመጣጣኝ ባላጋራ ነው፤ ከአቅማቸውም አንድ አምስተኛ ያህሉን እንደሚያስጨርሳቸው ይገመታል።

ቁጥሩ ለመሪው ጠቃሚ መለኪያ ነው። ጥፋቱ የመጣው መለኪያው ሕግ ተደርጎ ሲወሰድ ነው። ዛሬ በብዙ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ጀግኖቹ ደካሞች ሳሉ ደካማ ሽፍታ፣ ሲበረቱ ደግሞ ብርቱ ዘንዶ በተራ ይቀርብላቸዋል። የትም ቢሄዱ የሚጠብቃቸው ሊያሸንፉት የሚችሉት ጠላት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ አገር መሰለል፣ መደራደርና መሸሽ ከንቱ ድካም ይሆናሉ፤ ድሉም አስቀድሞ የተከፈለበት ዕቃ ነውና ክብር የለውም። የሚገርመው ያው የ2000ው የመሪዎች መጽሐፍ እንኳ ይህን አላዘዘም። ከግጥሚያዎቹ 5 በመቶ ያህሉ ከጀግኖቹ አቅም በላይ እንዲሆኑ ይመክራል።

በሌላው ወገን የቆሙት ደግሞ «ዓለም ጨካኝ ናት» እያሉ ጀማሪዎችን ያለ አንዳች ምልክት በዘንዶ አፍ ይከታሉ፤ ይህንንም እውነተኛነት ይሉታል። ስሕተት ነው። ዘንዶ ያለበት አገር የተቃጠለ አዝመራ፣ የተፈታ መንደር፣ ከብቱን ወደዚያ የማይነዳ እረኛ ይኖረዋል። ዱካ የሌለው ዘንዶ የመሪው ግፍ እንጂ የዓለም እውነት አይደለም። በሬ ሳሩን አይቶ ገደሉን አላየም ተብሎ የሚወቀሰው ገደሉ የሚታይ ስለሆነ ነው።

ለዚህ ክርክር የጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መልስ አለው። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሥርዐቱን በጻፉለት በዚህ ጨዋታ መክፈቻው «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪማረክ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደየፈቃዳቸው ይሰለፋሉ። ፈጣኑ ዘገምተኛውን እንዲጠብቅ የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ዝግጅቱ ሁሉ ግን በገበታው ላይ ይታያል። ያላስተዋለ ቢሸነፍ ወቀሳው የራሱ ነው። ፍትሕ ማለት ይህ ነው፤ የኃይል እኩልነት ሳይሆን የማየት ዕድል።

ነገሩ ለካርቱም አንባቢ የልጆች ጨዋታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በከተማይቱ ጦርነት ሲፈነዳ፣ የየቤቱን አቅም ለክቶ የመጣ አልነበረም። በገዳሪፍና በገላባት አድርገው መተማ የገቡት ብዙ ኢትዮጵያውያን መድፉን አሸንፈው አልተሻገሩም፤ ትተውት ነው የወጡት። «ከመሞት መሰንበት» የፈሪ ቃል አለመሆኑን ያ መንገድ ያስረዳል። ይህን ላየ ወጣት፣ ጠላት ሁልጊዜ በልኩ የሚመጣበትን ጨዋታ መስጠት ማታለል ነው፤ ምልክት የሌለበትን መስጠት ደግሞ ቁስሉን መነካካት ነው።

ስለዚህ መሪው ዘንዶውን በተፈጥሮ ቦታውና በሙሉ ኃይሉ ይተወው። ጢሱን ግን ከሩቅ ያሳይ፤ የሸሸውን ገበሬ በመንገድ ያገናኝ፤ የጠየቀውን ሁሉ በእውነት ይመልስ። ተጫዋቾቹ አይተው ቢመለሱ፣ ነፍሳቸውን ያተረፉበት ሽሽት እንደ ድል ይቈጠርላቸው፤ አይተው ቢገቡ ደግሞ ዳይሱ የወደቀበትን አይለውጥባቸው።