ቁስሉን ብቻ የሚጠየቅ ደራሲ

አሜሪካ ውስጥ ነጭ ደራሲ ስለ ቅናት፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ትዳር ቢጽፍ ማንም ለምን አይለውም። ጥቁር ደራሲ ይህንኑ ሲያደርግ ግን «የጥቁሩ ሕይወት የታለ?» ይባላል። በደሉን፣ ድህነቱን፣ ጥይቱን አምጣ ነው ነገሩ። ይህን የሚጠይቁት ብዙ ጊዜ ዘረኝነትን እንታገላለን የሚሉ አሳታሚዎችና አንባቢዎች ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ራሱ ዘረኝነት ነው፤ ለአንዱ ሙሉ ሰውነትን ሰጥተው ለሌላው ቁስሉን ብቻ ይተዉለታል።

ፐርሲቫል ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው «ኢሬዠር» ይህን አመል ከነሥሩ አሳይቷል። ዋናው ገጸ ባሕርይ የጥንት ግሪኮችን ድርሰት መነሻ እያደረገ የሚጽፍ ጥቁር መምህር ነው። መጻሕፍት መደብር ገብቶ ሥራዎቹን ሲፈልግ የሚያገኛቸው በአፍሪካ አሜሪካውያን ጥናት መደርደሪያ ላይ ነው፤ ከደራሲው መልክ በቀር እዚያ የሚያስቀምጣቸው ምክንያት የለም። ተቆጥቶ በብዕር ስም የአንድ ወሮበላ ታሪክ ሲጽፍ አሳታሚው ብዙ ገንዘብ ይዞ ይመጣል። ይህ ታሪክ በ2023 ፊልም ሆኖ ሲወጣ አንድም ነገር አላረጀበትም ነበር።

የዚሁ ደራሲ «ጄምስ» (2024) ከዚህም ጠልቆ ይሄዳል። ማርክ ትዌይን የፈጠረው ባሪያው ጂም እዚህ ታሪኩን ራሱ ይተርካል። ከወገኖቹ ጋር ሲሆን አነጋገሩ የተማረ ሰው ነው፤ ነጭ ብቅ ሲል ይሰባብረዋል። ልጆችንም ሰብስቦ ያሠለጥናል፦ የአንዲት ነጭ እመቤት ማእድ ቤት ሲቃጠል ብታዩ «እሳት!» ብላችሁ አትጩኹ፤ የችግሩን ስም መጥራት ለነጮቹ የተተወ ነው። የዛሬው ጥቁር ደራሲ አርታኢ ፊት ሲቀርብ የሚጠበቅበትም ይኸው ነው፤ የሚያውቀውን ትቶ፣ ሊሰሙት የተዘጋጁትን፣ በለመዱት ድምፅ መናገር።

«ታዲያ ባርነት ይረሳ?» የሚለኝ አይጠፋም። ማን ይረሳ አለ! የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» (1987) ከዳር እስከ ዳር ሥቃይ ነው። ሆኖም ሞሪሰን ለነጭ አንባቢ ማስረጃ ልታቀርብ አልተነሣችም፤ ልጇን ለባርነት አልሰጥም ብላ በገዛ እጇ የገደለች እናት ልብ ውስጥ ገብታ እዚያው ትቀመጣለች።

የእኛውን ዲናው መንግሥቱንም በዚሁ ሚዛን የሚመዝኑት አሉ። በ2007 የወጣው ልብ ወለዱ ከደርግ ግድያ ያመለጠ ኢትዮጵያዊ ዋሽንግተን ውስጥ ትንሽ ሱቅ ይዞ የሚኖረውን ኑሮ ይተርካል። የስደተኛ ምስክርነት ብሎ ብቻ የሚያነበው ሰው፣ ባለሱቁ ከአንዲት የጎረቤት ልጅ ጋር የዶስቶየቭስኪን «ካራማዞቭ ወንድማማቾች» የሚያነብባቸውን ገጾች እንደ ትርፍ ነገር ያልፋቸዋል። እኔ ደግሞ ዲናው ያን ሰው ከነሙሉ ሰውነቱ ያሳየን እዚያ ነው እላለሁ።