«አባዬ ሥራ ያገኛል አይደል?»

ይህ እትም እጃችሁ ሲገባ ጾመ ነቢያት ደጃፍ ላይ ደርሷል። ኅዳር 15 ይገባና ታኅሣሥ 28 ያበቃል፤ ስትቆጥሩት 44 ቀን ነው። በየቤታችን ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ መቼም የታወቀ ነው፤ «ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም?» እሱን ለየንስሐ አባቶቻችሁ ትቼዋለሁ። እኔ ዛሬ ላነሳላችሁ የፈለግሁት ስለ ጸሎቱ ነው። ይህ ጾም የተስፋ ጾም ነውና። ነቢያት የመሲሑን መምጣት እየለመኑ የጠበቁበትን ዘመን እናስብበታለን፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ደግሞ የለመኑትን በዓይናቸው ሳያዩ ነው ያለፉት።

ያልመጣን ነገር መጠበቅ ለብዙዎቻችን የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። የአንዲት ጓደኛዬ ባል ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ስምንት ወር ሊሞላው ነው። ማታ ከእራት በፊት አብረው ይጸልያሉ። በቀደም ዕለት የሰባት ዓመት ልጃቸው «አሜን» ካለች በኋላ ቀና ብላ «አባዬ ለገና ሥራ ያገኛል አይደል?» አለች። ጓደኛዬ ይህን ስታወራኝ ድምጿ ይቆራረጥ ነበር። «አዎ ብያት ባይሆንስ? እኔን ብቻ አይደለም እኮ የምትቀየመው፤ እግዚአብሔርንም ነው» አለችኝ።

እናንተም ቤት ይህ ጥያቄ በሌላ መልክ ይኖራል። ዐረብ አገር ሄዳ ስልኳ የጠፋ እህት፣ ውጤቱ ያልመጣ ምርመራ፣ ዓመታት የተጠበቀ ቪዛ። ልጆች እየሰሙን ተስፋ የሚሰጥ ጸሎት እንድንጸልይ ይጠበቅብናል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ግን እኛም አናውቅም።

የእኔ ሥራ ማርኬቲንግ ነው። በእኛ ሙያ መጠበቅ ጠላት ነው፤ «ዛሬውኑ»፣ «አሁኑኑ»፣ «በ24 ሰዓት ውስጥ» እያልን ነው የምንውለው። አንዳንድ ጊዜ ጸሎታችንም እንደዚያ ማስታወቂያ ይሆንብናል፤ በፈጣሪ ስም እኛ የመላኪያ ቀን እንቆርጣለን። ነቢያቱ ሲጸልዩ ግን ሌላ ነገር ነው የማየው፤ በተለይ ኤርምያስ ሲጸልይ። ትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 32ን አንድ ማታ አውጡና አንብቡት። ቢዝነስ የተማረ ሰው ደጋግሞ የሚያነበው ታሪክ ነው።

የባቢሎን ጦር ኢየሩሳሌምን ከብቧል። ኤርምያስ ራሱ በንጉሡ ግቢ፣ በዘበኞቹ አደባባይ ታስሯል። በዚህ መሀል የአጎቱ ልጅ መጥቶ «በዓናቶት ያለውን መሬቴን ግዛኝ» ይለዋል። አስቡት፤ ከተማዋ ልትወድቅ ነው፣ እንዲህ ባለ ጊዜ መሬት የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ የት ይገኛል? ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ። ውል ጻፈ፣ ምስክሮች አቆመ፣ አተመ። ውሉም ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲቀመጥ አደረገ። የእኛ ሰው ካርታውን በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ እንደሚያኖረው ማለት ነው።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ ያለው ጸሎቱ ነው። እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን እንደ ፈጠረ፣ የሚሳነው እንደሌለ፣ ሕዝቡን ከግብፅ እንዳወጣ ያነሳል። ቀጥሎ በዓይኑ የሚያየውን ሳይሸፋፍን ይናገራል፤ ጠላት ከተማዋን ለመያዝ የቆለለውን የአፈር ድልድል፣ ሰይፉን፣ ረኃቡን፣ ቸነፈሩን። መጨረሻ ላይ፣ ከተማዋ በጠላት እጅ እየገባች ሳለ አንተ መሬት ግዛ አልከኝ ይላል። ጸሎቱ እዚያ ላይ ያልቃል። «ይሆናል» አላለም፤ «አይሆንም»ም አላለም። ግራ መጋባቱን ከነእምነቱ አቅርቦ መልሱን ለባለቤቱ ተወው። ውሉ ግን ሸክላው ውስጥ አለ!

ለጓደኛዬም ይህንኑ ነው ያልኳት። ለልጅቷ «አዎ» ማለት አይጠበቅባትም። «መቼ እንደሚሆን አናውቅም፤ ግን አብረን እንለምናለን» ማለት ለሰባት ዓመት ልጅ አይከብዳትም። ከዚያ ጋር አባቷ በየጠዋቱ ተነስቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ብታይ፣ የዓናቶትን መሬት እሱ እየገዛላት ነው። ልጅቷ በማግስቱ ማታ «ገና ነው?» ብላ መጠየቋን ሰምቻለሁ። ትጠይቅ።

ልጆች መጠየቅ አያቆሙም። ጀርመን ዘመድ ያላችሁ በዚህ ወቅት በየቤቱ አራት ሻማ የተተከለበት ክብ የቅጠል ጉንጉን አይታችሁ ይሆናል። መነሻው ሃምቡርግ ነው። ዮሐን ሂንሪሽ ቪሸርን የተባለ የሥነ መለኮት ምሁር ድሆች ልጆችን ያሳድግ ነበር፤ እነሱም በየቀኑ «ገና ደረሰ?» እያሉ ይጠይቁታል ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1839 የጋሪ ጎማ ላይ ሻማዎች ተክሎ በየቀኑ አንድ አንድ ያበራላቸው ጀመር፤ ለእሑዶቹ ትልልቅ፣ ለሌላው ቀን ትንንሽ። ልጆቹን ዝም አላሰኛቸውም፤ መጠበቁን በዓይናቸው አሳያቸው።

የእኛም ቤተ ክርስቲያን ወደ ገና መዳረሻ ያሉትን ሦስት እሑዶች ስም ሰጥታቸዋለች፤ ስብከት፣ ብርሃን፣ ኖላዊ። የመጀመሪያው ነቢያት ስለ ክርስቶስ የሰበኩት፣ ሁለተኛው ብርሃኑ እንዲላክ የለመኑት፣ ሦስተኛው እረኛው እንዲመጣ የተጣሩት የሚታሰብበት ነው። ለቤተሰብ የሚሆኑ አጫጭር ጸሎቶች በራሴ ቃል ጽፌላችኋለሁ። ባዶ ቦታው ላይ የራሳችሁን ጉዳይ በስሙ ጥሩት። «ችግራችን» ብላችሁ አትለፉት፤ ኤርምያስም አልሸፋፈነም።

ኅዳር 15 ማታ፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ መጠበቅ ጀመርን። እስከ ዛሬ ያኖርኸን አንተ ነህ። የጎደለን ... ነው። መቼ እንደምትሰጠን አናውቅም። በምንጠብቅበት ጊዜ እርስ በርስ እንዳንቆጣ እርዳን። አሜን።»

በስብከት ሳምንት፦ «ጌታ ሆይ፣ ነቢያት ያላዩትን እኛ ሰማን። የሰማነውን እንዳንረሳ አድርገን። አሜን።»

በብርሃን ሳምንት፦ «ጌታ ሆይ፣ የነገው መንገድ አልታየንም። ለነገ ብቻ የሚበቃ ብርሃን ስጠን። ጨለማ ውስጥ ያለውን ...ንም አስብ። አሜን።»

በኖላዊ ሳምንት፦ «እረኛችን ሆይ፣ ገና ደረሰ። የለመንነው ከመጣ እናመሰግንሃለን፤ ካልመጣም አብረኸን ወደ ማዕዱ ቅረብ። አሜን።»

እነዚህን ልጆቹ ራሳቸው ያንብቧቸው። ባዶው ቦታ ላይ የሚሉትን አታርሙባቸው፤ የጠፋች ድመት ስም ቢሆንም። አጫጭር ናቸውና ሽሮው አይቀዘቅዝም።