ቁርስ ሻጯን መምከር ትታችሁ ቦታ ስጧት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ሂዱና እዩ። ባለጉዳዩ ችሎት ሳይገባ ፓስቲ በሻይ ይላል። ሻጯ ግን አንድ ዓይኗ መጥበሻው ላይ፣ አንዱ ደንብ አስከባሪው ላይ ነው።

«ቆጥቢ፣ ተደራጂ፣ ተበደሪ» እንላታለን። የቁርስ ንግድ የሚያድገው ግን በደንበኛ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ትናንት የበላበት ቦታ ዛሬም ካላገኛት አይለምዳትም። በየቀኑ ለምትባረር ሴት ብድር ዕዳ ብቻ ነው።

ድሮ ደጃፍ ላይ ይሸጥ ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ በኮንዶሚኒየም ሲተካ ደጃፉም አብሮ ሄደ። የኮንዶሚኒየም ሱቅ ደግሞ የሚሸጠው በጨረታ ነው። ፓስቲ ጠብሳ ጨረታ የምታሸንፍ ማን ናት?

«መንገድ ትዘጋለች» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። እንግዲያው ከመንገዱ ገባ ያለ ቦታ፣ ከንጋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ በኪራይና በንጽሕና ግዴታ ይሰጣት። ቶሎ ቶሎ የሚነሣ ምጣድ አይግልም።